በስህተት የተመዘገበ

ግሪካዊው አያቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አባቴ ሳይወለድ አገሩ ሄዶ እዚያው ቀረ። አባቴን አርባ ምንጭ አጠገብ ጫኖ ላይ ሙዝ እያለማ ያሳደገው የእናቱ አባት ነው፤ ትምህርት ቤት ሲያስገባውም በራሱ ስም አስመዘገበው።

ዘንድሮ እዚሁ አርባ ምንጭ ሆኜ የግሪክ ዜግነት ልጠይቅ ተነሳሁ። ኤምባሲው የአያቶቼን የጋብቻ ወረቀት ቢቀበልም፣ የአባቴ የአባት ስም በፍርድ ቤት ወደ ግሪኩ ይታረም አለ።

«አባዬ፣ ፊርማ ብቻ ነው» ብዬ ማመልከቻውን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበ። «በአባቱ ፈንታ የአያቱ ስም በስህተት ስለተመዘገበ» የሚለው ላይ ጣቱ ቆመ።

«ስህተቱ የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝና ሙዙን ውሃ ሊያጠጣ ወጣ።

«በስህተት» የሚለውን ቃል ያስገባው ማመልከቻ ጸሐፊ አይደለም፤ እኔው ነኝ።