ትርንጎ የሠራችልኝ ጎታ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ጾም በገባ ቁጥር ጉልበቴን አጥፌ ሰው ማማቴን፣ በንግድ መዋሸቴን፣ የቅዳሴ ሰዓት ተኝቼ ማሳለፌን ሁሉ ስናዘዝ ኖሬያለሁ። እሳቸውም ስግደት ያዝዙኛል፤ እኔም እሰግዳለሁ። ይችን አንዷን ግን ከምላሴ ሥር ደብቄ እየያዝኋት እወጣለሁ። ለምን? ቀሳውስቱ የልጄ ወዳጆች ናቸው። ከልጄ ጋር ይቀድሳሉ፤ ከልጄ ጋር ጠበል ጠዲቅ ይቀምሳሉ። እናንተን ግን አላውቃችሁም፤ እናንተም አታውቁኝም። ስለዚህ ለእናንተ እናዘዛለሁ። እዘኑልኝ ብዬ አይደለም። ስሙኝ ብቻ።

እኔ የይፋግ ሰው ነበርሁ፤ የአሞሌ ጨው ነጋዴ። ሚስቴ በንዳድ ሞተችብኝ። ልትሞት ስትል እጄን ይዛ «ብሩን ወደ ደጋ አውጣልኝ፤ ፊደል ይቁጠርልኝ» አለችኝ። ብሩ አንድ ልጃችን ነው፤ ያኔ የወተት ጥርሱን መንቀል ጀምሮ ነበር። ተዝካሯን አውጥቼ፣ ክረምት ሳይገባ አህዮቼን ጭኜ፣ ልጄን በጭነቱ ላይ አስቀምጬ ወደ ደብረ ታቦር ወጣሁ። በዚያ ዘመን ንጉሡ እዚያ ሰፍሮ ነበርና ገበያው ለጨው ነጋዴ ደግ ነው ይባል ነበር። እኔ ግን ገበያ ፍለጋ አልወጣሁም። ለልጄ የኔታ ፍለጋ ነው የወጣሁት።

አገሩ ሲያዩት ሕልም ይመስል ነበር። የጉና ተራራ ጠዋት ይታይና ወደ ረፋዱ በጉም ተሸፍኖ ይጠፋል። ከቤቴ ደጅ ቆሜ አሥር እርምጃ የራቀ ሰው መልኩን አልለይም፤ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ። የቆላ ሰው ነኝና ያ ጉም ያስፈራኝ ነበር። ልጄ ግን በጉሙ ውስጥ እየሮጠ ይገባና «አባባ፣ ጠፋሁ! ፈልገኝ!» እያለ ይስቃል። ዛሬም አንዳንድ ጊዜ በእንቅልፌ ያን ድምፅ እሰማለሁ። ፈልጌ አላገኘውም።

ከጎረቤት ሁሉ መጀመሪያ ደጄን የረገጠች ትርንጎ ነበረች። ባሏ ከጦር ጋር ወጥቶ ያልተመለሰ፣ ከእብናት በኩል የመጣች፣ እንደ እኔው ለአገሩ እንግዳ የሆነች ሴት ናት። ተሰማ የሚባል የብሩ እኩያ ልጅ ነበራት። የገዛሁት ገብስ በስልቻ ሆኖ ጥግ ላይ ወድቆ ብታይ ሳቀችብኝ።

«አያ ወርቁ፣ ይኸ እህል ለአይጥ ነው ለልጅህ?» አለችኝ።

በማግስቱ ከልጇ ጋር ጭቃ አቡክታ፣ ጭድ ቀላቅላ፣ ከቤቴ ጓዳ የእህል ጎታ ሠራችልኝ። መቼም ጎታ የማይሠራ የባላገር ሴት የለችም። የእሷ ግን የተለየ ነበር፤ ዙሪያው ልስልስ፣ አፉ ደልደል ያለ፣ ዐይን የሚገባ ነበር። እየሠራች ታንጎራጉራለች። ልጆቹ ጭቃውን በእግራቸው እየረገጡ ይጋፋሉ። እኔ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሳያቸው፣ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ እፎይ አለ። ያን ቀን ትርንጎን ወደድኋት ብል አልዋሽም። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው የበደልሁት።

በሰኔ የኔታ ፍለጋ ዞርሁ። ልጄን ይዤ ከደብር ደብር ሄድሁ። አንዱ ዘንድ ብንደርስ መምህሩ ልጆቹን በአለንጋ ሲገርፍ አገኘነው፤ ብሩ ከነጠላዬ ሥር ተሸሸገ። ሌላው ዘንድ ብንሄድ መምህሩ ሠፈር ለሠፈር ሲዞር ወር ሆኖታል አሉን። ከከተማው በታች ደግሞ የንጉሡ ፈረንጆች ብረት የሚያቀልጡበት መንደር ነበር። እዚያ የሚሠሩትን ልጆች ፊደልም ያስቆጥሯቸዋል ይባል ነበር። የመዶሻው ድምፅ እስከ ገበያው ይሰማል። እኔ ግን ልጄን ለቀጥቃጭ? እናቱ ከመቃብር ትነሣብኛለች አልሁ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ፣ የልጆች ድምፅ ሰማን። ማንም አይታይም። ድምፁ ብቻ ከዛፎቹ መካከል ይመጣል። አንዱ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ አንድ ጊዜ ቀረብ ይላል፣ አንድ ጊዜ ይርቃል። ብሩ እጄን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። «አባባ፣ እዚህ ነው» አለኝ። እኔም እዚህ ነው አልሁ። ድምፁን ተከትለን ሄደን የኔታን ከአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ከወይራ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ልጅ ከጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ሲሳሳት ጉንጩን ነካ ያደርጉታል እንጂ አይመቱትም። ልቤ ቀለጠ።

ልጄን ወደ ቤት ሰድጄ ብቻዬን ተመልሼ ለመንኋቸው። እሳቸውም በለሰለሰ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፤

«ልጄ፣ እኔ አንድ ሽማግሌ ነኝ። ልጅን አንድ ባንድ ነው የምሰማው። ከእንግዲህ ከአንድ በላይ ብጨምር ሁሉንም እበድላለሁ። ለዚያ ለአንዱም ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ለትርንጎ ልጅ። ተሰማ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ሲሰማ ከርሞ ግማሹን ይዞታል። የአንተን ልጅ ለከርሞ አምጣው።»

ለከርሞ። አንድ ዓመት ብቻ ነበር። አንድ ዓመት መታገሥ አቃተኝ? ንዳድ ሚስቴን በሰባት ቀን የወሰደብኝ ሰው ነኝ፤ ዓመት የሚባል ነገር አላምንም ነበር። ይህን ምክንያት ብዬ አይደለም የምነግራችሁ። በዚያች ሰዓት በልቤ የነበረውን እንድታውቁት ነው።

«መልካም ነው፣ የኔታ» ብዬ ተነሣሁ። መስቀላቸውን ተሳለምሁ። እዚህ ላይ ወጥቼ ብሄድ ኖሮ ዛሬ ለእናንተ የምናገረው አልነበረኝም። እኔ ግን ከቅጥሩ በር ላይ ዞር አልሁ። ዞር ያልሁት እኔ ነኝ። ማንም አልጠራኝም።

«ትርንጎ ደግ ሴት ናት» አልሁ። «የቤቴን ጎታ የሠራችልኝ እሷ ናት። እጇ ጭቃ ሲያውቅበት! መቼም የእብናት ዘመዶቿ በዚሁ ሥራ የታወቁ ናቸው ይባላል...»

የኔታ ዐይናቸውን ገለጡ። «በምን ሥራ?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የኔታ። ሰው የሚለውን ነው።»

ሰው ማን ነው? እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ያ ሰው እኔ ነበርሁ። ሸክላ ሠሪ የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁም፤ ቡዳ የሚለውንም አላወጣሁም። ባላወጣም በአገራችን ሸክላ ሠሪ ማን እንደሚባል፣ ዐይኑ ልጅ ይበላል ተብሎ እንዴት እንደሚፈራ የማያውቅ የለም። የተናገርሁት እውነት ነበር፤ ጎታ ሠርታልኛለች። የእጇን በጎነት ወስጄ ገመድ አድርጌ አንገቷ ላይ አሰርሁት።

የኔታ መስቀላቸውን ወደ ጉያቸው መለሱ። ከዚያ፣ «ለእኔ ሁሉም የእግዜር ፍጡር ነው» አሉ። «ወላጆች ይህን ቢሰሙ ግን ልጆቻቸውን አንድ ሳይቀር ያወጡብኛል።» በሦስተኛው ቀን ብሩ ከጉልበታቸው ሥር ተቀመጠ።

ትርንጎ እኔ ዘንድ መጣች። ከሰው ሁሉ መርጣ እኔ ዘንድ! «አያ ወርቁ፣ አንተ ወንድ ነህ፤ የኔታ ያከብሩሃል። ምን አጥፍተን እንደሆነ ጠይቅልኝ። ተሰማ እህል አልቀምስ ብሎ ተኝቷል» አለችኝ። እሺ አልኋት። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ፤ እስከ ወንዙ ድረስ ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ውኃው ሲሄድ እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ ተመልሼ «ሞልቷል ብለዋል» አልኋት። እሷም «እግዜር ይስጥህ፣ ደከምህልኝ» አለችኝ። ሁለተኛው በደሌ ይህ ነው፤ ከመጀመሪያው የሚብስብኝም እሱ ነው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? የኔታ አላወሩም፤ ከቅጥሩ ውጭ የሰማ ሰው ነበር መሰለኝ። በሐምሌ የአንድ ጎረቤት ሕፃን ሆዱን ታመመ። ትርንጎ አየችው ተባለ። በማግስቱ ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ሄዱ። እሳት ብትጠይቅ የሚሰጣት ጠፋ። ሰዎች «አንተስ እንዴት ሳታውቅ ጎታ አሠራህ?» ሲሉኝ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ብሩም ከልጆች ሰምቶ መጣና «አባባ፣ ትርንጎ እውነት ቡዳ ናት እንዴ?» አለኝ። አይደለችም ብል ምን ነበረበት? ልጄ ነበር የጠየቀኝ፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ብሩ ግን ለየኔታ ይነግራል፣ እኔም እጋለጣለሁ ብዬ ፈራሁ። «አትጠጋት» አልሁት።

ቡሄ መጣ። ልጆች ጅራፋቸውን እያጮኹ፣ ከደጅ ደጅ እየዘፈኑ ሙልሙል የሚቀበሉበት ቀን ነው። የትርንጎን ደጅ ማንም ልጅ አልረገጠም። ወደ ማታ፣ ጉሙ ሲወርድ፣ ሙልሙሉን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ራሷ መጣች። ብሩ ከእኔ ጋር ደጃፍ ላይ ነበር። «እንካ የኔ ዓለም፣ ለአንተ ነው የጋገርሁት» አለችው። ልጄ አማተበ። እሷ በእጇ ያጎረሰችው፣ በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ አማተበና ምራቁን እንትፍ አለ። ከዚያ ከኋላዬ ገባ።

ትርንጎ ልጁን አላየችውም። እኔን አየችኝ። በዚያች ጊዜ ያወቀች ይመስለኛል። ሙልሙሉን መልሳ በነጠላዋ ሸፈነችና ወደ ጉሙ ውስጥ ሄደች። ደብረ ታቦር ውስጥ የእሷን ጀርባ ያህል ቀስ ብሎ የጠፋ ነገር አላየሁም።

መስቀል ሳይደርስ ቤቷን ዘግታ ወደ ፈረንጆቹ መንደር ወረደች። እዚያ ዘር አይጠየቅም ነበርና ተሰማን ተቀበሉት። አንድ ጊዜ ጨው ይዤ ወርጄ አየሁት። ወናፍ ይነፋል፤ ፊቱ ጠቁሯል። ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ የሰማውን የየኔታን ዜማ በወናፉ ልክ ያዜም ነበር። ድምፁ ከብሩ ድምፅ ይበልጥ ነበር። አጎንብሼ አለፍሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ንጉሡ ከተማውን ትቶ ሲነሣ፣ የመንደሩን ሰው ሁሉ ከነብረቱ ይዞ ሄደ። ትርንጎና ተሰማም አብረው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ የት እንደወደቁ የሚነግረኝ አላገኘሁም። በእያንዳንዱ ገበያ ስጠይቅ ኖሬያለሁ።

ብሩ ዛሬ ራሱ የኔታ ተብሏል። ወጣት ነው፤ ግን ደግ መምህር ነው፤ አይማታም። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቢ፣ አንዲት ሴት ከሩቅ አገር ልጇን ይዛ መጣች። ቤት ለውጠው መምጣታቸው ነው፤ ሸክማቸው ገና አልተፈታም። እኔ ልጄ ከሚያስተምርበት ቅጥር ግንብ ሥር ፀሐይ እሞቅ ነበር። ልጄ ገና ሰላምታ ሳያበቃ «ዘራችሁ ከማን ወገን ነው?» አላት። ሴትዮዋ ተንተባተበች። ወደ እኔ ዞረና «አባባ፣ እርስዎ አገር ያዳረሱ ነጋዴ ነዎት። ወገኖቿን ያውቋቸዋል?» አለኝ።

«አላውቅም» አልሁ። እውነቴን ነበር። ብሩ አልቀበልም አላት፤ ልጇም የእናቱን ነጠላ ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ።

ማታ ለምን እንዲህ አደረግህ ብዬ ጠየቅሁት። ብሩ ፈገግ አለ። «እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ? በልጅነቴ ከዚያች ሴት ባያተርፉኝ ዛሬ የት ነበርሁ?» አለና ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ። እኔም እጄን በራሱ ላይ ጭኜ መረቅሁት።

አልነገርሁትም። ዛሬም አልነገርሁትም። የልጄ ፊት ሲለወጥ ከማየት እሳት ይሻለኛል ብዬ ተቀምጫለሁ። እኔ ዝም ባልሁ ቁጥር ግን ሌላ ልጅ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ይህን እያወቅሁ ነው የምኖረው። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ሰይጣን በዚያች በር ላይ አልነበረም። ድህነት አላስገደደኝም። ልጄን ስለምወድ ነው ያደረግሁት እንዳልላችሁ፣ ትርንጎም ልጇን ትወድ ነበር።