የቅዳሜ ጭፈራ በሬሳ ሳጥን ቤት

አባቷ የሬሳ ሳጥን ሠሪ ናቸው። እሷ ዳዴ ካለችበት ጊዜ አንስቶ ሰጋቱራ ላይ ተንከባልላ ያደገች ስለሆነች፣ ሳጥኑን የምታየው ሌላው ልጅ ሶፋ በሚያይበት ዓይን ነው። ትንሽ ሳለች ድብብቆሽ ስትጫወት አንዱ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት፣ ክዳኑን የከፈቱት ደንበኛ ሰፈሩን በጩኸት አቀለጡት። እሷ ግን ቅር ያላት መቀስቀሷ ብቻ ነበር።

ከፍ ስትል ጓደኞቿ «ሊቀመንበር» አሏት። የመረጣት የለም፤ ዝም ብላ ታዝዛለች፣ እነሱም ይታዘዛሉ። ያጡት ቦታ ነበር። ሜዳውን ጎረምሶች ይዘውታል፤ ከጓደኞቿ ቤት ወደ አንዱ ቢሄዱ ደግሞ ጆሮዋን ቀስራ የምትቀመጥ አክስት አትጠፋም። አባቷ ቅዳሜ ከሰዓት እንጨት ሊገዙ ስለሚወጡ፣ ሱቁን እሷ እየጠበቀች እንዲጨፍሩበት ለመነቻቸው። ብዙ አንገራገሩና በአንድ ውል ፈቀዱ።

«ሐዘንተኛ መጥቶ ስትስቁ ካገኛችሁ አለቀ። ሁለተኛ በዚህ በር አትገቡም።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዙና መላጊያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ሰጋቱራው ይጠረጋል፣ ሳጥኖቹ ዳር ዳር ተደርድረው መቀመጫ ይሆናሉ። ስፒከሩን የሚያመጣው ቀጭኔ የሚሉት ረጅም ልጅ ነው፤ ሲጨፍር ንብ የወረረው ይመስላል። ለጭፈራው ሲል አዲስ ሱሪ አሰፍቷል።

አንድ ቅዳሜ ጭፈራው ሲግል የሰፈሩ ጎማ ጠጋኝ፣ ጎሚስታው፣ በሩ ላይ ብቅ አለ፤ እጁ የጎማ ጥላሸት እንደሆነ ነው። ሊቀመንበር ሙዚቃውን አጠፋች። ሁሉም ያገኙት ሳጥን ላይ ዘፍ ብለው አቀረቀሩ። ፊታቸው ቀልቷል፣ ላቡ በጉንጫቸው ይወርዳል። ጎሚስታው ያሳደገችው አክስቱ ሞታበት ነበር የመጣው፤ እነዚህን ሲያይ ግን የራሱን ረሳው።

«ማን ሞተባችሁ፣ ልጆቼ?»

ሊቀመንበር ማንም አልሞተብንም ብትል ቅዳሜያቸው ማለቁ ነው። ቀጭኔ ለአስተማሪ በሚዋሽበት ድምፅ፣ ጓደኛችን ነው፣ እኩያችን ነበር አለ። ጎሚስታው መሀላቸው ገብቶ ተቀመጠና ቀጭኔን አቅፎ ተንሰቀሰቀ። ወንድሞቹ ፊት ያልወጣለት እንባ እዚህ ወጣለት። ቀጭኔም የእውነት አለቀሰ፤ የተቀመጠው ገና ባልደረቀ ቫርኒሽ ላይ መሆኑ ገብቶታል። አንዷ ሳቋን መዋጥ ቢያቅታት ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከሁሉም አንጀት የምትበላው እሷ ሆነች።

አባቷ ሳንቃ ተሸክመው የገቡት ይሄኔ ነው። ጎሚስታው ተነስቶ፣ እንዲህ ያሉ ለጓደኛ የሚያዝኑ ልጆች አይቶ እንደማያውቅ ነገራቸው፤ ቀብሩ መቼ እንደሆነም ጠየቀ፣ እሱም መምጣት አለበትና። አባት ልጃቸውን አዩ። ጥግ ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለውን ስፒከርም አዩ። ሳንቃቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ትናንት ተቀበረ» አሉ። «እነዚህ ግን አልወጣላቸውም።»

ጎሚስታው ሳጥን አዝዞ ሄደ። ቀጭኔን ሁለት ሆነው ጎትተው አላቀቁት፤ የሱሪው መቀመጫ ግን እዚያው ቀረ። ሊቀመንበር የአባቷን «አለቀ» ከምትጠብቅ ቀድማ መናገር መረጠች።

«ስንስቅ አላገኘንም እኮ፣ አባባ።»

አባቷ የተጣበቀውን ጨርቅ በመላጊያ ያነሱ ነበርና ቀና አላሉም። «የእናንተን ሟች አልቅሶላችኋል» አሉ። «ነገ ሄዳችሁ የእሱን ትቀብሩለታላችሁ። ሁላችሁም። ስለ ቅዳሜው ከዚያ በኋላ።»

ሄዱ። ቀባሪው ጥቂት ስለነበር ያለ እነሱ ሳጥኑን የሚሸከም እንኳ አይበቃም ነበር። ቀጭኔ ከፊት በኩል በመሸከሙ ሟቿ ዳገት የምትወጣ መስላ ተጓዘች። ጎሚስታው ዘመዶቹን እየጠራ፣ ጓደኛቸው የሞተባቸው ምስኪኖች እነዚህ ናቸው ይላል፤ ዘመዶቹም የራሳቸውን ሟች ትተው እነሱን ያጽናናሉ። ሊቀመንበር እዚያ መሀል እንባዋ መጣ፤ ለማን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስለ ፈቃድ ለመጠየቅ ድፍረት አጥታ ስትንቆራጠጥ፣ አባቷ እንጨት ሊገዙ አልወጡም። በርጩማቸውን በር ላይ አወጡና ጀርባቸውን ለሱቁ ሰጥተው ተቀመጡ። ልጆቹ ተያይተው ሙዚቃውን ቀስ አድርገው ከፈቱ። ወደ ሱቁ የሚታጠፍ ሰው በመጣ ቁጥር፣ በዕድሜያቸው ጉንፋን እንኳ ይዟቸው የማያውቀው ሰውዬ ክፉኛ ያስላሉ።