የክቱ ዊንዶው

ደብረ ታቦር ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከአረብ አገር እንደተመለስኩ የከፈትኳት ናት። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አስተካክላለሁ፣ የሠርግ መጥሪያ አትማለሁ። በሥራዬ ገብቶ የሚመክረኝ ሰው አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የጣጣዬ ሁሉ ምንጭ ይኸው ጠባዬ ስለሆነ ነው።

ኮምፒውተሬ አርጅቶ ነበር። ተማሪዎች ይዘው የሚመጡትን አዳዲስ ፋይል ክፈት ሲሉት የጉናን አቀበት እንደወጣ ሰው ያለከልካል። ሚሞሪ ጨመርኩበትና ዊንዶው እንዲቀይርልኝ ጠጋኙን ጠራሁት። ጠጋኙ እኩያዬ ነው፤ ሬዲዮ ሲጠግን ኖሮ ወደ ኮምፒውተር የዞረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው።

«የትኛውን ልጫንልሽ?» አለኝ። «የቤቱን ነው የመሥሪያ ቤቱን? ሠላሳ ሁለት ቢቱን ነው ስድሳ አራት ቢቱን?»

አሁን ሳስበው ቀላል ጥያቄ ነበር። ግን እኛ ዘንድ ልብስ የክትና የዘወትር አለው። የዘወትሩ ጥለቱ የነተበ፣ ማጀት የሚለበስ ነው። የክቱ ታጥፎ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥና ለበዓልና ለሰው ፊት ይወጣል። «የቤቱ» ሲለኝ ማጀት የምጥላት አሮጌ ነጠላዬ ዓይኔ ላይ መጣች። የእኔ ሱቅ ደግሞ ሰው የሚገባበት፣ ሰው የሚያየው ቦታ ነው። ቁጥሩንስ ቢሆን ስድሳ አራት እያለ ሠላሳ ሁለት የሚል ማነው? አዲሱን፣ የመሥሪያ ቤቱን፣ ስድሳ አራቱን አልኩት።

«ድሮ የጫንሻቸው የቆዩ ፕሮግራሞች ካሉ ንገሪኝ። በስድሳ አራቱ እንቢ የሚሉ አሉ።»

«አንተ ብቻ ጫን» አልኩት።

ፋይሎቼን ወደ ፍላሽ ገልብጦ የክቱን ጫነልኝ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት እንዴት አምሮ ነበር! ሁለት ቀን ሙሉ ደንበኛ በገባ ቁጥር ስክሪኑን ወደሱ አዞርኩ።

በሦስተኛው ቀን ታናሽ እህቴ ፊቷ ጠቁሮ ሱቄ ገባች። እህቴ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ይፋግ መንገድ ዳር ሱቅ ያለው ሰው ሊያገባት ጠይቆ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ እኛም እሺ ብለን ነበር። ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ የሰውየው አክስት አንድ ነገር አነሱ። የእነሱ ጥንት አባት ከጉና የወረዱ ናቸው፤ ስማቸውም በእኛ ዘር ውስጥ ካለ አንድ ሰው ስም ጋር አንድ ነው። በአገራችን ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ዘር ይቆጠራል። እስከ ሰባት ቤት ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸው፣ ጋብቻው ይቀራል። ሽማግሌዎቹ መልሱን ለእሑድ ፈልገውታል።

«ጽፈሽው የለ?» አለች እህቴ። «የአባየን ቆጠራ።»

ጽፌዋለሁ። አባታችን በጉና ግርጌ የታወቁ ዘር ቆጣሪ ነበሩ። ሊጋባ ያሰበ ሁሉ ደጃቸው ይመጣ ነበር። ዕድሜያቸው ሲገፋ ከተማ እኔ ጋ አመጣኋቸውና በየቅዳሜው ከሰዓት እሳቸው እየተናገሩ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ የስንቱን ቤት ዘር በአንድ ፋይል አስገባን። የጻፍኩትም መጀመሪያ ጽሕፈት በተማርኩበት አሮጌ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም ነው፤ ጣቴ የለመደው እሱን ነበር። አንድ ቅጂ አትሜ ነበር፣ ለቆጠራ የተዋሰው ሰው ይዞት ቀረ። ስንጨርስ «እንግዲህ ቢረሱትም ግድ የለም አባየ፣ ገብቷል» ብዬ ቀለድኩ። አባየም ሳቁ። ቀልዱ ግን ሳይውል ሳያድር እውነት ሆነ። ዓመት ሳይሞላ የልጆቻቸው ስም ይጠፋባቸው ጀመር። ጠዋት ጠዋት ልብሳቸውን ሳለብሳቸው ትክ ብለው ያዩኝና «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኛል። «የአንቱው ነኝ» እላለሁ፣ በችኮላ፣ አንዳንዴም በንዴት፣ ሱቅ ይረፍድብኛልና።

ፍላሹን ሰክቼ ፋይሉን ከፈትኩት። የፈረንጅ ፊደል፣ ነጥብ፣ ቅንፍና የገንዘብ ምልክት ተዘራርቶበት መጣ። ከአንድ መቶ በላይ ገጽ ሙሉ አንድም የሚነበብ ቃል የለም። ፊደሎቹ ከዚያ አሮጌ ፕሮግራም ጋር ነበር የሚመጡት፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ከአሮጌው ዊንዶው ጋር ሄዷል። መሳቢያዬን በርብሬ ሲዲውን አገኘሁና ልጫነው ስል ኮምፒውተሩ ይህ ፕሮግራም በዚህ የዊንዶው እትም አይሠራም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያንኑ አለኝ።

«ምን ሆነ?» አለች እህቴ ከኋላዬ።

«ምንም» አልኩ። የእህቴን ትዳር በገዛ አፌ፣ ለታይታ ብዬ የዘጋሁት መሰለኝ።

በማግስቱ ጠጋኙ ቤት ስደርስ ቅዳሜ ረፋድ ነበር። በመንገድ ላይ ስንት ዓይነት ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር፣ ሳየው ግን «ጠይቀኸኝ ነበር፣ አልሰማሁህም» አልኩት። ለእኔ ይህን ማለት ቀላል አይደለም። እሱም ሲዲውን ብርሃን ላይ ይዞ አገላብጦ አየው።

«ይኸ የተሠራ ጊዜ ስድሳ አራቱ መች ነበረና» አለ። «አሮጌውን፣ ሠላሳ ሁለቱን ነው የሚፈልግ። እኔ ጋ ያለው ደግሞ የቤቱ ነው። ያን ካደረግሁልሽ ግን ከጨመርሽው ሚሞሪ ግማሹን አያየውም።»

«ግማሹም ለምኔ።»

አሮጌው ዊንዶው ያለበትን ዲስክ ከሬዲዮ ዕቃ ካርቶን ሥር አወጣው። አብረን ወደ ሱቄ ሄድን፤ እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር፣ የሆነውን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጭነቱ ሲጋመስ መብራት ሄደ። ሦስታችንም ጨለማው ስክሪን ፊት ተቀመጥን። አንድ ሰው ፎቶ ኮፒ ፈልጎ ብቅ ሲል «መብራት የለም፣ አይታይህም?» ብዬ ጮህኩበት፤ ምስኪን፣ ምን አጠፋ። መብራቱ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣና ጠጋኙ ሥራውን እንደገና ከሀ ጀመረ።

ዊንዶው ገባ። ሲዲው ገባ፣ ያለምንም ጥያቄ። ፋይሉን ስከፍተው ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። እህቴ ናት «አማርኛ ነው» ያለችው።

ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፣ የሰው ዘር ነው። እህቴ አክስትየዋ የሰጧቸውን ስሞች በወረቀት ይዛ፣ እኔ ከስክሪኑ እያነበብኩ፣ ከሁለቱም ወገን ወደ ላይ ወጣን። አምስት ላይ አልተገናኙም። ስድስት ላይም የለም። ሰባተኛው ላይ ስደርስ መስመሩን በጣቴ ተከትዬ አነበብኩ። የእኛ ሰባተኛ አንድ ሰው፣ የእነሱ ሰባተኛ ሌላ ሰው። አንደኛው ጉና ቀረ፣ ሌላው ወደ ይፋግ ወረደ ይላል የአባየ ቃል፣ ሁለቱም የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አባትየው ስምንተኛ ነው። ሰባት ቤት ሞልቷል፣ መጋባት ይችላሉ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ደገምነው፣ ጠጋኙም በጣቱ ቆጠረልን። እህቴ የወረቀት ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ ሳቀችና መልሳ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። የአገሬን አፈር ከአውሮፕላን ወርጄ ስረግጥ እንኳ እንዲያ አልቀለለኝም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ያተምኩትን አነበብኩላቸው፣ አክስትየዋም ተነሥተው እህቴን ሳሟት። አባየ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር፤ የገባቸው አልመሰለኝም።

ኮምፒውተሬ እስካሁን በሠላሳ ሁለቱ ነው። ተማሪዎች «ይኸ ዊንዶው ገና አለ እንዴ?» ይሉኛል። አዲስ ፋይል የያዘውን ጎረቤት ሱቅ እልከዋለሁ። የአባየን ቆጠራ በአራት ቅጂ አትሜ አንዱን እህቴ ይዛው ይፋግ ወረደች።

ከሠርጉ ማግስት ጠዋት አባየን ሳለብሳቸው እንደልማዳቸው ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

የዚያን ቀን ሱቁ ይርፈድ አልኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ከስምንተኛው ጀመርኩ፣ እሳቸው እንዳስጻፉኝ፣ እገሌ እገሌን ወለደ እያልኩ ወደ ታች ወረድኩ። በየስሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱን ስም ስሳሳት አረሙኝ። ወደ አያቴ ደረስኩ፣ ከዚያ ወደሳቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ።

እሳቸውም እጄን ያዙ።

«እንዲያማ ከሆነ» አሉ፣ «ዘመዳሞች ነና።»