ሰማያዊዋን መኪና ፍለጋ ወደ ሐረር

ከአዳማ በአውቶቡስ የተነሳሁት ገና ሳይነጋ ነው። ጉዞው የእኔ ሐሳብ አልነበረም። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሐረር ያስተማረ መምህር ነው፤ ከተማውን ሲለቅ ሰማያዊ መኪናውን ለወዳጁ ለሐጂ ዩሱፍ ትቶላቸው መጣ። አሁን ዓይኑ እየከዳው ነው። ሐኪሙ የዓይኑ ብርሃን ብዙ እንደማይቆይ ሲነግረን አባቴ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያቺን ሰማያዊ አንድ ጊዜ ልያት።»

መኪናዋን የገዛት ከፋብሪካ እንደወጣች ነው። ቀለሟን ሲያወድስ እኛ ልጆቹ እንቀና ነበር። የጎረቤት መኪኖች ጋራዥ ገብተው ሲቀቡ፣ ዓመት ሳይሞላቸው ሲያብጡና ሲላጡ እያየ «የፋብሪካ ቀለም በምድጃ የበሰለ ነው፤ የጋራዥ ግን የተረጨ ብቻ» ይለን ነበር። እኔ ቀለም ያው ቀለም ነው ባይ ነኝ። ቢሆንም አባት አባት ነውና ለሐጂ ደውዬ ከዒድ በኋላ ልወስዳት እንደምመጣ ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም።

አሰበ ተፈሪ

እስከ አዋሽ ሙቀቱ፣ ከዚያ ወዲያ ጠመዝማዛው መንገድ ጨረሰኝ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ወንበሩን ጉልበቴ ላይ አስተኝቶ ያንኮራፋል። አሰበ ተፈሪ ለምሳ ስንወርድ ጥብስ አዘዝኩ፤ የመጣልኝ አጥንት ነው፣ ዋጋው ግን የሙሉ በሬ።

ምግብ ቤቱ በር ላይ አንዲት ቀይ ፒክአፕ ቆማለች። ቀዩ ተልጦ ከሥሩ ቢጫ፣ ከቢጫው ሥር ደግሞ ነጭ ይታያል። ሳፈጥባት ባለቤቷ አየኝና «ነጩ አብሯት የመጣው ነው» አለኝ። «እሱ እንደያዘ ነው። የሚረግፈው እኛ የጨመርንባት ነው።» አባቴ ይህን ቢሰማ ለሳምንት አያስተኛንም ነበር።

ጀጎል

ሐረር ስደርስ እግሬ አብጦ ጫማዬ ጠቦኛል። ሐጂ ዩሱፍ ሸዋ በር ላይ ሲጠብቁኝ ነበር። አገላብጠው ሳሙኝና ትንሽ ራቅ ብለው አዩኝ።

«ወላሂ አርጅተሃል! አባትህስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ሐጂ። እርስዎ ግን አልተለወጡም።»

ወደ ጀጎል ገባን። ለዒድ የተቀቡት ግድግዳዎች ገና አላረጁም፤ ነጩ፣ አረንጓዴው፣ ሮዙ ሁሉም ያበራል። በጠባቡ መንገድ ለአንዲት አህያ ቦታ ልለቅ ስጠጋ ጃኬቴ ኖራ ለበሰ። እዚህ በዓል ሲመጣ ቤት የሚቀቡት ሴቶቹ ናቸው፤ ሐጂም የእሳቸው ቤት ከሰፈሩ ሁሉ እንደሚበልጥ እየነገሩኝ ሄድን። ባለቤታቸው እማማ ዘይነባ ትኩስ የአብሽ መረቅ አቀረቡልኝ። ሳልጨርሰው እንቅልፍ ጣለኝ።

ጠዋት መኪናዋ ወዳለችበት፣ ከጀጎል ግንብ ውጪ ወዳለው የዘመዳቸው ግቢ፣ ሦስታችን ሄድን። ሐጂ ሸራውን ገለጡት። መኪናዋ አረንጓዴ ናት፤ ልክ እንደ ቤታቸው ግድግዳ አረንጓዴ።

«ማን ቀባት?» አልኩ።

«እኛው!» አሉ እማማ ዘይነባ። «እኔና ጎረቤቶቼ። ቤቱን ጨርሰን ቀለም ተረፈን። እሷስ የቤት ሰው አይደለች? ከእኛ ቤት እንደ ሙሽራ ትውጣ እንጂ እንዲሁ ትውጣ?»

የቀቧት በብሩሽ ነው። ብሩሹ የሄደበት መስመር ኮፈኖው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ሰማያዊው ተልጦ ነበር እንዴ፣ ሐጂ?»

«አቦ፣ የት ይላጣል! ድሬ ጠያራ ወዳለው እርሻዬ ስመላለስባት፣ ፀሐይ ላይ ስትውል፣ ፈዘዘ እንጂ አንድ ቦታ አልተነሳም። ማሻአላህ፣ የድሮ ዕቃ!»

ያን ሁሉ ዓመት ችሎ፣ እኔ ልመጣ ስል ተሸፈነ። ልቅሶዬ መጣ። ምክንያቱን ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ ማንም ብሩሽ አያነሳም ነበር። ሁለቱም አፌን አፌን ያዩኛል።

«ታምራለች» አልኩ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

መልስ

በዝግታ ነዳሁ፤ አዋሽ አደርኩ። አንድ ኬላ ላይ ፖሊሱ በመኪናዋ ዙሪያ ዞረና «ጋሼ፣ ይሄ መኪና ነው ቤት?» ብሎ ሳቀብኝ። ለመሳቅም ለመቆጣትም አቅም አልነበረኝም። መንገዱን ሁሉ የማስበው ለአባቴ የምለውን ነው።

አዳማ ስገባ አባቴ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይጠብቃል። ተነስቶ አፍንጫው ኮፈኖውን እስኪነካ ተጠጋ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አለቀሰ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀ ነው።

«ዘይነባ! ቤተኛ አደረገቻት በለኛ!» አለ። «በል የመኪናዋን በር ክፈት። እርጥብ ጨርቅም አምጣ።»

በሩ ሲዘጋ የሚገጥምበትን ጠርዝ፣ እኔ ስወጣና ስገባ ልብ ያላልኩትን፣ አቧራና ቅባት የጋገረበትን፣ ጎንበስ ብሎ ወለወለው። ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ። ትናንት የተቀባ የሚመስል ሰማያዊ።

«እዚህ ፀሐይም ብሩሽም አይደርስበትም» አለ፤ ፊቱን አስጠግቶ ብዙ ቆየ። «አየሃት?»

«አየኋት፣ አባዬ።»

አረንጓዴውን በቲነር ላስለቅቀው ስል እምቢ አለኝ። ሐጂና ዘይነባ ለእሱ ብለው የቀቡትን እንደማያስፍቅ፣ ለእሱ ይህቺው ጠርዝ እንደምትበቃው ነገረኝ። እኔም ቀለም ያው ቀለም ነው ማለቴን ትቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ወንበሩን ከመኪናዋ አጠገብ አኖርለትና በሩን እከፍትለታለሁ። ትናንት እንደልማዱ ተጠጋና ቆየ፤ ጠርዙን በጣቱ ዳበሰ።

«ዛሬ ደመና ነው እንዴ?» አለኝ።

ፀሐይዋ አናቴን ታቃጥለኛለች።

«አዎ፣ አባዬ» አልኩት። «ደመና ነው።»