በሩን ቀስ አድርገው ይዝጉ

በደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ መኪናዬ ጁምዓን ታከብራለች ተብሎ ተወርቶብኝ ነበር። ወሬው ቀልድ ቢሆንም መሠረት አላጣም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቁልፉን ገና ሳዞረው የምትነሣ መኪና፣ ዓርብ ዓርብ ጠዋት አንዴ ጠቅ ትልና ዝም ትላለች። የዳሽቦርዱ መብራቶች ደብዘዝ ብለው ይጠፋሉ፤ በቃ። ጎረቤታችን ያለው ባለሱቅ ለመግፋት እጅጌውን እየሰበሰበ ይመጣና፣ “ባለቤቷ ጴንጤ፣ እሷ ሙስሊም! ምን ታደርጊያለሽ፣ በሃይማኖት ማስገደድ የለም” ይለኛል። ደግነቱ ሰፈራችን ቁልቁለት ነው። ትንሽ ከገፏት፣ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅቀው ትነሣለች። እኔም በመስኮት እጄን አውጥቼ እያመሰገንኩ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ።

የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ። ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ የተከራየሁት ደሴ ስለነበር፣ ኋላ ኮምቦልቻ ቤት ባገኝም ከአከራዬ መለየት አቃተኝ። እማማ ነው የምላቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሰላታቸው የማያልፋቸው፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው ሴት ናቸው። እዚህ አገር በመጣሁ ሰሞን እናቴ ናፍቃኝ ሳለቅስ ደርሰውብኝ “አብሽሪ” አሉኝ። ቃሉን አላውቀውም ነበር፤ ግን ትከሻዬን የያዙበት እጅ ተረጎመልኝ። እኔ ማታ ስጸልይ ከግድግዳው ማዶ እሳቸው ዱአ ያደርጋሉ። አንዳንዴ ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ እንጠባበቃለን፤ ራት አብረን ነዋ የምንበላው።

ሐሙስ ሐሙስ እማማን ይዤ እወርዳለሁ። ጠዋት ኮምቦልቻ እህታቸው ቤት አድርሻቸው፣ ከሥራ ስወጣ ይዣቸው እመለሳለሁ። እግራቸውን መዘርጋት ስላለባቸው የሚቀመጡት ከኋላ ነው። ግቢ ገብተን እንደወረድን መኪናዋን በሸራ እሸፍናታለሁ፤ የደሴ ውርጭ አለ፣ የእማማ ዶሮዎችም ጣሪያዋ ላይ ማደር ይወዳሉ።

ለዓርቡ ችግር ያላደረግሁት የለም። በባትሪው ራሶች ላይ የጋገረውን ነጭ ነገር ለብ ባለ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ አጥቤ፣ አድርቄ ቅባት ቀባሁ። የጎደለውን የተጣራ ውኃ ሞላሁ። ኮምቦልቻ ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባትሪውን ቻርጅ አደረገው፤ ዲናሞውንም ለካና መኪናዋ ጤነኛ ናት አለኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ምናልባት መብራት ማጥፋት እየረሳሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔን! ከቤት ስወጣ ምድጃውን ሁለቴ የማይ፣ የጣሪያውን መብራት እንዳይበራ ብዬ ከገዛኋት ጀምሮ በማጥፊያው የዘጋሁ ሴት! እግዚአብሔር ትዕግሥት ሰጠኝና ፈገግ አልኩ።

ማታ ለአባቴ ደወልኩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ያሽከረከረ ሰው ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ በስልክ ያሽከረክራል። “ባትሪ ዝም ብሎ አያልቅም፣ ልጄ” አለኝ። “የሚጠጣው አለ። ጠጪውን ፈልጊው።” ፍለጋውንም በቅደም ተከተል አስረዳኝ። መኪናዋን አጥፍቼ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ እፈታለሁ፤ በገመዱና በባትሪው ራስ መካከል የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ አስገባለሁ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፊውዞቹን ተራ በተራ እየነቀልኩ የትኛው ሲነቀል እንደሚወርድ አያለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት አደረግሁት። ቴስተሩ ያሳየኝ ጠብታ ብቻ ነው፤ የመኪናዋ ሰዓትና የሬዲዮዋ ትውስታ የሚልሱት። ጠጪ የለም። ባለሱቁ በአጥሩ በላይ ሲያየኝ ቆይቶ፣ በቅዳሜ ምን ልታገኚ፣ ፈተናው ያለው ሐሙስ ማታ ነው አለኝ። ቀልዱ እማማ ጆሮ ገባ።

እዚህ ላይ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። እማማ ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ከኮምቦልቻ ወዲያ፣ ሐርቡ ልታገባ ነው። በሆጤ ትምህርት ቤት ተመላልሳ፣ እማማ ጓዳ አጥንታ ያደገች ልጅ ናት። ሰርጉ ደርሷል፤ እኔም አደርስዎታለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። በዚያ ጉልበት ሚኒባስ ላይ መውጣት የማይታሰብ ነው። እሑድ ከአምልኮ ስመለስ እማማ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

“ልጄ፣ ሐርቡ ይቅርብኝ” አሉ። “እኔን በጫንሽ ማግስት ነው የምትታመመው። አይቻለሁ። መንገድ ላይ በሙሽራ ቀን ባስቆምሽ ምን ይባላል?”

“እማማ፣ ብረት እኮ ናት። ሰው አትመርጥም።”

“እኔን መርጣለች” አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ለሙሽራዋ በስጦታ ያዘጋጁትን አዲሱን የሽፎን ሻሽ አጥፈው ለእኔ ሊሰጡኝ ተነሡ። እኔ ላደርስላቸው ነው፤ እሳቸው ያሳደጓትን ልጅ ሳያዩ ሊቀሩ።

ለአባቴ መልሼ ደወልኩ። ሐሙስን ከሌላው ቀን ምን ይለየዋል ብሎ ጠየቀኝ። እማማን መጫኔ፣ አልኩት እያፈርኩ። “እንግዲያው እሳቸውን ጭነሽ ለኪያ” አለ፣ እንደ ቀላል ነገር።

እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው? ጥፋቱ የእርስዎ ነው ማለት ይመስላል። ሌሊቱን ጸልዬበት፣ በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ነገሩን ቀጥታ ተናገርኩ። እማማ ደንገጥ ብለው፣ “ደግመሽ ልትገድያት ነው?” አሉኝ።

“አዎ። ዛሬ እንድትሞትልኝ ነው የምፈልገው።”

ትንሽ አዩኝ፤ ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ሲስቁ ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት አይችሉም። ነጠላቸውን አድርገው ወጡ፣ እንደ ሐሙስ ከኋላ ተቀመጡ፤ ፒያሳ ደርሰን ተመለስን። ግቢ ውስጥ እንደ ሐሙስ ቀስ ብለው ወረዱ፣ የበሩን መቆለፊያ ወደ ታች ተጫኑ፣ ዘጉ። ሸራውን ብቻ አላለበስኩም። ኮፈኑን ከፍቼ ኔጋቲቩን ፈታሁና ቴስተሩን አስገባሁ።

ጠጪው መጣ! ቁጥሩ ከቅዳሜው ጋር አይገናኝም። ፊውዞቹን ተራ በተራ ነቀልኩ፤ የፊት መብራት አይደለም፣ መለከትም አይደለም። የውስጥ መብራቶቹን ስነቅል ቁጥሩ ወደ ጠብታው ወረደ። አይሆንም አልኩ፤ የጣሪያው መብራት ዝግ ነው። ፊውዙን መልሼ መኪናዋን ዞርኳት፤ አጎንብሼም አየሁ። የኋላው በር ግርጌ፣ ለወራጅ እግር የምታበራ አንዲት ትንሽ አምፖል አለች። እሷ ቦግ ብላ ተቀምጣለች።

በሩን በትክክል ሳየው ከፊተኛው በር ጋር አልተስተካከለም፤ ከጣት ያነሰ ወጣ ብሏል። የመዝጊያው የመጀመሪያ ጥርስ ይዞታል፣ ሁለተኛው አልያዘውም። ስለተቆለፈ ቢጎትቱት አይከፈትም፤ አልተዘጋም ደግሞ። በዳሌዬ ገፋሁት። ቋ አለ፤ አምፖሏ ጠፋች። ሐሙስ ሐሙስ ሌሊቱን ሙሉ በሸራዬ ሥር ስታበራ የምታድር እሷ ናት፤ ያረጀው ባትሪ ደግሞ እሷንና የደሴን ብርድ አንድ ላይ አይችልም። ዓርብ ጠዋት እነ ባለሱቁ በጎኗ ይዘው ሲገፏት በሩ ሙሉ ይዘጋል፤ ቅዳሜ ጠጪው የጠፋብኝ ለዚህ ነው።

እማማ ሁሉንም ቆመው አይተዋል። “ታዲያ አልዘጋሁትም?” አሉ።

“ዘግተውታል። በጣም ቀስ ብለው ነው እንጂ።”

በሩን አስከፈቱኝና ጣታቸውን ወደ ውስጠኛው ገጹ ዘረጉ። የቀድሞው ባለቤት ታክሲ ሲሠራ የለጠፋት፣ ዳር ዳሯ የተላጠ ወረቀት አለች፤ በሩን ቀስ አድርገው ይዝጉ ትላለች። እኔ ከለመድኳት ስለቆየሁ አላያትም። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ፣ መኪናዋን በገዛሁ ቀን ያቺ ሙሽራ ናት ያነበበችላቸው። በዚያ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚኒባስ ረዳት “እናት፣ በሩን ቀስ!” እያለ ሲቆጣ ሰምተው ኖረዋል። በነጻ በሚጫኑበት የሰው መኪና እንዴት አድርገው በር ይወረውራሉ?

“አክብሬ ነበር እኮ” አሉ። “አክብሬ ገደልኳት?”

ሁለታችንም እዚያው ተንፈቅፍቀን ሳቅን፤ ባለሱቁ ምን ተገኘ ብሎ ብቅ እስኪል። ከዚያ ልምምድ ጀመርን። መጀመሪያ እጃቸው እምቢ አለ፤ ሕፃን እንደሚያስተኙ ነው በሩን የሚገፉት። ከሚጣሉት ሰው ፊት እንደሚዘጉት ያድርጉት አልኳቸው። እኔ ከማን ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ ብለው ተከራከሩ፤ በኋላ አንድ ሰው ትዝ አላቸው መሰለኝ ወረወሩት። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ወረቀቷን ራሳቸው በጥፍራቸው ፋቁ።

የሰርጉ ዕለት በጠዋት መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። ተመስገን አልኩ፤ ከኋላዬ “አልሐምዱሊላህ” ተባለ። ሐረጎን፣ ኮምቦልቻን አልፈን ሐርቡ ስንደርስ ሙቀቱና ድቤው አንድ ላይ ተቀበሉን። አንድ ጎልማሳ ዘመድ በሩን ከፍቶ ሊዘጋላቸው ሲል እማማ እጁን አስወግደው ራሳቸው ዘጉት። ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አየን።

“ኧረ እማማ ቀስ! የሰው መኪና ነው” አላቸው ሰውየው።

“አንተ ምን ታውቃለህ” አሉ፣ የራሳቸውን ሽፎን እያስተካከሉ። “ባትሪ የሚጨርሰው እንዳንተ ያለ ጨዋ ነው።”

ማታ ልንመለስ ስንል ሙሽራዋ ከነጌጧ መጥታ ከኋላ ወንበር እማማ አጠገብ ተቀመጠች፤ ተቃቅፈው ትንሽ ተላቀሱ። ከዚያ ወረደችና እንደ አደገችበት፣ በሁለት ጣቷ በሩን ገፋ አደረገችው።

እማማ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። “ልጄ፣ ድገሚው” አሏት።