ሲፈን የደበቀቻት ጥርስ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ጥር፣ ታናሽ እህቴ ጎባ ላይ በተሞሸረችበት ዕለት ጠዋት ነው። ቆርቆሮ ላይ ጠጠር ነገር ሲንኳኳ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

የምንኖረው ሮቤ ነው። የሰባት ዓመቷ ልጄ ሲፈን ለአክስቷ ሰርግ አበባ ያዥ ሆና ተመርጣ ነበር። ታዲያ ሰርጉ ሲቃረብ ስልኬ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየች። የእሷ እኩያ የሆነች ልጅ ጸጉሯ ተተኩሶ፣ ሰው ሠራሽ ጥፍርና ሽፋሽፍት ተለጥፎላት፣ ከንፈሯ ቀልቶ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ ትሽከረከራለች። መጨረሻው ላይ «ሕፃን መምሰል ቀረ!» ይላል።

ሲፈን ይህችን አባባል እንደ መዝሙር ያዘቻት። ገመድ መዝለል ተወች። ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ጀመረች። «እኔም እንደሷ ካልሆንኩ» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ሰነበተችና ሲበዛብኝ እሺ አልኳት።

በሰርጉ ጠዋት በሚኒባስ ጎባ ሄደን ሙሽራዋ እህቴ የምትዋብበት ጸጉር ቤት ገባን። ባለቤቷ ወይዘሮ ዘይነባ የጊኒር ሰው ናቸው፤ ከዚያ በፊት አላውቃቸውም ነበር።

«ኢንተለ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ምን ላድርግሽ?» አሏት።

«ትልቅ ሴት ያድርጉኝ» አለች ሲፈን፣ ከንፈሯን ገጠም አድርጋ።

ግማሽ ጸጉሯ ተተኩሶ እንዳለቀ ረዳታቸው ሊፕስቲክ ይዛ መጣችና «እስቲ ከንፈርሽን ወጠር አድርጊ» አለቻት። ሲፈን ወጠር ስታደርግ የፊት ጥርሷ ጭኗ ላይ ዱብ አለች። ለካ ተነቃንቃባት ኖሯል! ሳምንቱን ሙሉ ዳቦ እንኳ በመንጋጋዋ ብቻ ስታኝክ የከረመችው እስከ ሰርጉ ልታቆያት ነው።

እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። «አሁን ሕፃን መሆኔን ሰው ሁሉ ያውቅብኛል! ሰርጉ ላይ አልገኝም!» አለች። ልጄ ጥርስ መንቀልን እንደ ነውር መቁጠሯን ያወቅሁት ገና ያኔ ነው።

ወይዘሮ ዘይነባ መተኮሻውን ነቀሉ። «ሥራ ቆሟል! ኮቱ፣ ነይ ተነሽ። ጣሪያ ላይ ካልተወረወረች ነጩ ጥርስ በየት በኩል ይምጣ?» ብለው እጇን ይዘው ወጡ። ጸጉራቸው በቢጎዲን የተጠቀለለ ሴቶች ተከተሏቸው፤ እህቴም አልቀረች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ሲፈን እንባዋን እየጠረገች ወረወረች። ጥርሷ ቆርቆሮው ላይ ኳ ኳ እያለች ተንከባልላ ተመልሳ ወደቀች። ሁላችንም ጎንበስ ብለን ሣሩ ውስጥ መፈለግ ጀመርን። ሙሽራዋ አንድ ዓይኗን ብቻ ተኩላ ተንበረከከች።

«ቶሎ እንፈልጋት» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «የኔዋን ጊኒር ላይ ዶሮ ውጣብኝ ይኸው እስከ ዛሬ ቦታው ባዶ ነው!» አፋቸውን ከፍተው ክፍተቱን አሳዩአት።

ሲፈን ከት ብላ ሳቀች። እጇ ወደ አፏ አልሄደም። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ጥርሷ ተገኘች፤ በሁለተኛው ውርወራ እዚያው ጣሪያው ላይ ቀረች። እልልታችንን የሰማ መንገደኛ ሙሽራ የወጣች መስሎት ቆሞ አየን።

ወደ ውስጥ ስንመለስ ሲፈን ወንበሯ ላይ ወጣችና «ሹሩባ ይሥሩኝ» አለች። ወይዘሮ ዘይነባ የተተኮሰውን አጥበው ሠሩላት።

የሰርጉ ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ከሙሽሮቹ ፊት አበባ የያዘች ልጅ ያችን ክፍት ቦታ እያሳየች ትስቃለች። ባየኋት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ማስታወቂያው ዛሬም ስልኬ ላይ ብቅ ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ያስፈራኛል።

ባለፈው ሰኞ ደግሞ ሌላዋ ጥርስ ተነቃነቀች። ሲፈን ራሷ አፏን በሰፊው ከፍታ እየሮጠች መጥታ አሳየችኝ። እንደወለቀች ጎባ እንሄዳለን። ሮቤ ቆርቆሮ ጠፍቶ አይደለም፤ «እኔን የሚያውቀኝ የእማማ ዘይነባ ጣሪያ ነው» ብላኝ ነው።