ለጽጌ ቦታ ፍለጋ፣ ከፒያሳ እስከ ዶሮ ማነቂያ

ጉዞዬ ሩቅ አልነበረም፤ ፒያሳ ካለው መሥሪያ ቤታችን ተነሥቶ ዶሮ ማነቂያ የሚያበቃ አጭር መንገድ ነው። የላከኝ አለቃዬ ነው። ታይፒስታችን ጽጌ በልጅነቷ በያዛት ሕመም እግሮቿ ስለሰለሉ በክራንች ትሄዳለች፤ የታይፕ ክፍሉ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ስትታገል ታረፍዳለች። አለቃችን ያየው ማርፈዷን ብቻ ነበር።

«ጓዲት፣ ዶሮ ማነቂያ ለእሷ ዓይነቱ የሚሆን የስፌት ማኅበር አለ። ወስደሽ አሳያት፤ ከተቀበሏት እናዛውራታለን» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። አለቃ ፊት ቃል አይወጣኝም፤ እሱም ይህን ያውቃል።

ሦስት ሰዓት፣ ታክሲ ላይ

ቁልቁለቱ ለክራንች ስለማይመች ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ውይይት ታክሲ ተሳፈርን። ለዚህች አጭር መንገድ በነፍስ ወከፍ ስሙኒ! ፊት ለፊት በተደረደሩት አግዳሚዎች ጉልበት ለጉልበት ተጣብበን ተቀመጥን። ከፊታችን የነበሩ ነጠላ የለበሱ እናት ጽጌን ትተው እኔን ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ጠበል ነው የምትወስጃት?»

«ሥራ ላይ ነኝ እማማ» አለች ጽጌ። «ጠበሉን ለአለቃችን ያዙልን።»

ታክሲው በሳቅ ተናጋ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። እናትየው ግን ስንወርድም ለእኔ «አይዞሽ፣ እሱ ያውቃል» አሉኝ። መንገዱን ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ የምጠየቀው እኔ፣ የሚታዘንላት እሷ።

ራስ መኮንን ድልድይ

የእግረኛው መንገድ በነጋዴ ተይዟል። አንዱ ባለ ሸቀጥ «ኧረ ለምስኪኗ መንገድ ልቀቁላት!» እያለ ይጮኻል፤ መንገዱን የዘጋው የራሱ የሰልባጅ ክምር ነው። በመኪናው መንገድ ዞረን አለፍን።

አራት ሰዓት ገደማ፣ ዶሮ ማነቂያ

የስፌት ማኅበሩ በተጠጋጉ ጭቃ ቤቶች መካከል ያለ አዳራሽ ነው። ገባ ብለን ብንቆም የሚነሣልን ጠፋ። ሰው ሲገባ ብድግ ማለት አብሮን ያደገ ወግ ነውና፣ ምን አጥፍተን ይሆን ብዬ ደነገጥሁ። የማኅበሩ ኃላፊ ጋሽ ሰይድ፣ ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ ከተቀመጡበት ጠሩን።

«ግቡ፣ ግቡ! እዚህ ለሚኒስትርም አይነሣም። ግማሹ መነሣት አይችልም፤ ሌላው ቢነሣ ያ የቀረው ባለጌ ሊባል ነው። ሁላችንም ተቀምጠን እናከብራለን።»

የስፌት መኪኖቹ በእጅ ይዞራሉ። ጨርቁ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይተላለፋል እንጂ ሰው አይመላለስም። ጆሮዋ የማይሰማውን ቆራጭ ሲፈልጓት ጠረጴዛዋን መታ መታ ያደርጋሉ። «አይዞሽ» የሚል አልሰማሁም፤ የሰማሁት «እጅጌው ተጣሟል፣ ፍቺው!» ሲባል ነው።

«ስፌት ትችያለሽ?» አሏት ጋሽ ሰይድ ጽጌን።

«ቁልፌን የምትተክልልኝ እናቴ ናት። እኔ የምችለው ታይፕ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ መሥሪያ ቤታችሁ ደረጃ ስላለው ልጅቱ ልብስ ሰፊ ትሁን?»

የመጣሁበት ጉዳይ መጀመሪያ አሳፈረኝ፤ ቆይቶ አናደደኝ።

ስምንት ሰዓት፣ መመለስ

አለቃችን የመሥሪያ ቤቱ መግቢያ ላይ አገኘን።

«ጥሩ ቦታ ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው» አልሁ።

«በቃ፣ ከነገ ጀምሮ እዚያ ትግባ!»

የጋሽ ሰይድ ደግነት ለእኛ ማምለጫ ሲሆን ደሜ ፈላ። ከበሩ አጠገብ የተሰባበሩ ወንበሮች የታጨቁባት ክፍል አለች። በጣቴ አመለከትኋት።

«ጓድ፣ ታይፑ እዚህ ይውረድ» አልሁ።

«ወንበሮቹስ?»

«ሦስተኛ ፎቅ ይውጡ።»

«ከበላይ መመሪያ ሳይመጣ?»

«ለተሰበረ ወንበር?» አለች ጽጌ።

«እንግዲያው ራሳችሁ ተሸከሙ» ብሎ ሄደ።

ከጉዞው የተማርሁት ይህን ነው፤ ዶሮ ማነቂያ ጥሩ የሥራ ቦታ ስላለ የእኛ ደረጃ አያጥርም። ማሳጠር የእኛ ሥራ ነው።

ዘበኛችን ጋሽ በቀለ ወንበር ተሸክሞ ከፊቴ ወጣ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ማለክለክ ጀመረ።

«ይኼ ደረጃ ሰው ይገድላል እኮ!»

«ተው እንጂ ጋሼ!» አለች ጽጌ ከታች። «ዛሬ ገና ነው የገባህ?»